ድራማው ያመለጣት እናትና የሚቀርጸው ሪሲቨር

የዛሬው ደብዳቤያችን የፍቅር አይደለም፤ የትዳርም አይደለም፤ የቴሌቪዥን ነው። «ደግሞ ለቴሌቪዥን ምን ምክር ያስፈልገዋል?» እንዳትሉን። አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ። የመጣው ከአርሲ፣ ከጢቾ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አላወጣነውም፤ ረዘም ያለውን አሳጥረን እነሆ ብለናል።

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 23 ነው። ጢቾ ከእናትና አባቴ ጋር ነው የምኖረው፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜና ሁለት ታናናሾቼም አብረውን አሉ። ቤታችን ቴሌቪዥንም ዲሽም አለ። እናቴ ድራማ በጣም ትወዳለች። ግን እስከ ዛሬ አንድም ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም። ድራማው የሚጀምረው ማታ 2 ሰዓት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጓዳ ናት። እራት ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች። ተዋናዮቹን የምታውቃቸው በድምፃቸው ነው። ቀደም ሲል ከጓዳ ሆና ‹ምን ሆነች? ነገረችው እንዴ?› እያለች ትጠይቀን ነበር። እኛም ‹ቆይ እማዬ!› እንላት ነበር። አሁን አሁን መጠየቁንም ትታዋለች። ይሄ ነገር ሆዴን በላው።

«እቁብ ደርሶኝ 15 ሺህ ብር በእጄ አለ። ቴሌቪዥን የሚቀርጽ ሪሲቨር ልገዛላት አስቤያለሁ። ወንድሜ ‹ከገዛሽ አይቀር በየወሩ የሚከፈልበትን፣ ትልቁን ግዢ፤ ኳሱንም እናይበታለን› ይለኛል። አሰላ ሄጄ የጠየቅሁት ባለሱቅ ደግሞ ‹የትኛውም ሪሲቨር ይቀርጻል፤ ፍላሽ ሰክተሽ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው› አለኝ። ማንን ልመን? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከጢቾ።»

ምክራችን

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ እንኳን እቁቡ ደረሰሽ! ብሩን ይዘሽ ወደ ሱቅ ከመሮጥሽ በፊት መጠየቅሽ ደግሞ ብልህነት ነው። ስንቱ ከገዛ በኋላ ነው የሚጠይቀው! መልሱን ከፊት እንንገርሽ። ወንድምሽም ባለሱቁም ግማሽ ግማሽ እውነት ነግረውሻል። ለእናትሽ ድራማ ትልቁ፣ በየወሩ የሚከፈልበት አያስፈልግም፤ ትንሹ ይበቃል። ነገር ግን «የትኛውም ይቀርጻል» የሚለውን አትመኚ። በዚያ ላይ የፈለግሽውን ብትገዢ መሣሪያው የማይሠራልሽ አንድ ሥራ አለ። እሱን ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ ድሮ ቪዲዮ ዴክ ያለው ቤት በሰፈሩ የታወቀ ነበር። የተለመደው ካሴት 3 ሰዓት ይይዛል። ሲሞላ በላዩ ላይ መቅረጽ ነው፤ በዚያ ምክንያት የስንቱ ሠርግ በፊልም ተሸፍኖ እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው! በ1991 ዓ.ም ቲቮ የሚባል ካሴት የሌለው፣ በሃርድ ዲስክ የሚቀርጽ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። በቀጥታ የሚተላለፈውን ፕሮግራም «እስቲ ቆይ» ብሎ አቁሞ፣ በር ከፍቶ ተመልሶ ካቆሙበት መቀጠል ተቻለ። ዛሬ ያ ሁሉ ሥራ በአንዲት ትንሽ ሪሲቨር ውስጥ ገብቷል። ስሙም ፒቪአር ይባላል። ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጊው ይህንን ቃል ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ይቀርጻል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ዘፈንና ፎቶ ለማጫወት ብቻ የተሠራ ነው። ባለሱቁ የሳተው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ወደ ወንድምሽ ሐሳብ እንምጣ። የአገራችን ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚተላለፉት በነጻ ነው። በ2012 ዓ.ም ኢትዮሳት በሚል ስም፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለችው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ መሰባሰብ ሲጀምሩ፣ ወደ ምዕራብ ወደ ናይልሳት ያይ የነበረው ስንቱ ዲሽ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ! በነጻ የሚተላለፈውን ደግሞ በነጻ መቅረጽ ይቻላል። እናትሽ የምትወደው ድራማ ከእነዚህ በአንዱ የሚመጣ ከሆነ በየወሩ የምትከፍይበት ምክንያት የለም።

እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ያሉት መሣሪያዎች ጎበዞች ናቸው፤ አንክድም። ሃርድ ዲስኩ ከውስጣቸው ነው፤ አንዱን ጣቢያ እያየሽ ሌላውን ይቀርጻሉ። ግን መሣሪያው የሚገዛው አንዴ ነው፤ ክፍያው ግን በየወሩ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ማን ይከፍላል? ወንድምሽ «እኔ» ካለ መልካም፤ ይግዛ፤ ይክፈል፤ ኳሱንም ይይ። የኳሱ ሒሳብ በእናትሽ ድራማ ስም ካንቺ እቁብ ላይ አይቆረጥ ነው የምንለው። ወንድምሽን ለመክሰስ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ ነው።

አሁን ትንሹን ሪሲቨር ስትገዢ የምታጣሪያቸውን ነገሮች እንቁጠር።

አንደኛው የቲዩነሩ ነገር ነው። ቲዩነር ማለት ጣቢያውን የሚይዘው ክፍል ነው። ርካሹ ሪሲቨር ያለው አንድ ብቻ ነው። ከዲሹ የሚወርደው አንድ ኬብልም በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጣቢያ አያመጣም። ስለዚህ ሪሲቨሩ አንዱን ጣቢያ እየቀረጸ ሳለ፣ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ወደሚገኝ ጣቢያ ልቀይር ካልሽው «ቀረጻው ይቁም?» ብሎ ይጠይቅሻል። ሪሞቱ በወንድምሽ እጅ ከሆነ መልሱ ይታወቃል! ይህን ለማምለጥ ሁለት ቲዩነር፣ ሁለት ኬብልና ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ያስፈልጋል። ናይልሳትንም ኢትዮሳትንም በስዊች የምታዩ ቤቶችም ላይ ያው ነው፤ ከአንዱ ሲቀረጽ ሌላው አይታይም።

ግን ልብ በይ። እናንተ ቤት ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም የሚያየው ያንኑ ድራማ ነው፤ እናትሽ ብቻ ናት የሌለችው። የሚታየው ጣቢያና የሚቀረጸው ጣቢያ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቲዩነር ይበቃችኋል። ትንሹ ይበቃል ያልንሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የማጠራቀሚያው ነገር ነው። ተራ ጥራት ያለው ጣቢያ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ጊጋ ባይት ገደማ ይበላል። ኤችዲ የሆነው 3 ጊጋ እና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ተራውን ከ20 ሰዓት በላይ፣ ኤችዲውን 8 እና 10 ሰዓት ያህል ይይዝልሻል። ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ተራውን ከ300 ሰዓት በላይ! ለአንድ ቤት ድራማ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። በጣም ርካሹን ፍላሽ ግን አትግዢ፤ መጻፍ ላይ ስለሚዘገይ ምስሉ ይቆራረጣል። ሃርድ ዲስክ ከመረጥሽ ደግሞ ሪሲቨሩ በዩኤስቢው የሚሰጠው ኃይል ዲስኩን ማንቀሳቀስ መቻሉን እዚያው ሱቅ ውስጥ እዪ። ቀጭ ቀጭ እያለ የማይነሳ ዲስክ ያጋጥማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ! ብዙዎቹ መሣሪያዎች መጀመሪያ ሲሰካባቸው ፍላሹን ወይም ዲስኩን ፎርማት እናድርግ ይላሉ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። የሠርግና የምረቃ ፎቶ ያለበትን አምጥታችሁ እንዳትሰኩ አደራ! ለቀረጻው የራሱ የሆነ ባዶ ይኑረው።

ሦስተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ስንቱ ጎበዝ የሚሸወደው! ቤት ሳይኖሩ ለማስቀረጽ ሪሲቨሩን በቀጠሮ መሙላት ይቻላል፤ ታይመር ይባላል። ሪሲቨሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። የኛ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 ነው። 2:00 ብለሽ ከሞላሽው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ማንም የማያየውን ሲቀርጽ ያድራል። መጀመሪያ የሰዓት አቆጣጠሩን ጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ አድርጊ። ከዚያ በቀን የኛ ሰዓት ላይ 6 ጨምሪ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው ደግሞ 18 ጨምሪ። ማታ 2 ሲደመር 18፣ ይኸው 20! ፕሮግራም አንዳንዴ ስለሚንሸራተት ደግሞ ከ5 ደቂቃ በፊት እንዲጀምር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲያበቃ አድርጊው።

ይህን ታይመር የለመደ ሰው ሌላም ጊዜ ይጠቅመዋል። አርሲ የሯጮች አገር ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። ዓይን ሳይርገበገብ ያለፈች ነገር ናት! እንዲህ ያለውን አቁሞ፣ መልሶ ማየት እንዴት ደስ ይላል። መጪው ኦሎምፒክ ከሐምሌ 7 እስከ 23 ቀን 2020 ዓ.ም በሎስ አንጀለስ ነው። በዚያን ወቅት በእኛና በእነሱ መካከል የ10 ሰዓት ልዩነት አለ። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚደረግ ውድድር እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የበቆጂም የጢቾም ልጅ ታይመር መሙላት ከአሁኑ ይልመድ!

አራተኛው የመብራትና የዝናብ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ሪሲቨሩም ይሄዳል፤ እየቀረጸ ከነበረም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የባሰው ደግሞ መብራቱ ሲመጣ ነው። አንዳንዱ ሪሲቨር ቀጠሮውን አስታውሶ ይነሳል፤ አንዳንዱ ግን ሁሉን ረስቶ ይተኛል። ሪሲቨር ብዙ ኃይል አይበላም፤ ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። በ12 ቮልት የሚሠሩም ስላሉ፣ ባትሪ ወይም ሶላር ያለው ቤት ይህን ዓይነቱን ቢመርጥ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እንኳ ቀረጻው ይቀጥላል። ዝናቡን በተመለከተ ግን እውነቱን እንንገርሽ። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ሲግናሉ ይጠፋል፤ ሲግናል ከሌለ የሚቀረጽ የለም። ሪሲቨር ቀይሮ ይህን የሚያድን የለም። ሰፋ ያለና በደንብ የተስተካከለ ዲሽ ግን ይረዳል። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ድራማው ይቅርብሽና ሶኬቱንም የዲሹን ኬብልም ንቀይ።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ስትሄጂ የራስሽን ባዶ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቁን «ይቀርጻል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ «ቅረጽልኝ» በዪው። 10 ደቂቃ ያስቀርጽልሽ። እየቀረጸ ጣቢያ ቀይሪበትና ምን እንደሚል እዪ። ከዚያ ታይመር ይሙላልሽ፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ሶኬቱን ነቅለሽ መልሰሽ ስኪው። ቀጠሮውን ካስታወሰ ጥሩ ዕቃ ነው። በመጨረሻ የተቀረጸውን አስከፍተሽ ምስሉም ድምፁም አብረው መሄዳቸውን አረጋግጪ። «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ብሎ ከተቆጣ አመስግነሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ። ዋጋውንም ቢያንስ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ፤ መመለሻ ጊዜው ደረሰኙ ላይ ይጻፍልሽ።

ከዚያም በፊት ግን ቤታችሁ ያለውን ፈትሺ። አሁን ያለው ሪሲቨር ራሱ ሊቀርጽ ይችል ይሆናል፤ ማንም አልሞከረው ይሆናል እንጂ! ከሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም «ሬክ» የሚል ቁልፍ ፈልጊ። ቴሌቪዥኑም አዲስ ከሆነ ሪሲቨር በውስጡ ያለውና በፍላሽ የሚቀርጽ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው የቀረጸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሌላም መንገድ አለ። ድራማው በጣቢያው ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ከሆነና ኔትወርኩ ካገዘሽ፣ ሌሊት በርካሽ ጥቅል በስልክሽ ላይ አውርደሽ ልታሳያት ትችያለሽ። ገንዘብ ሳይወጣ የሚሆን ነገር ካለ ለምን ይወጣል?

«መቅረጽ ያስጠይቃል እንዴ?» የሚል ስጋት ያላችሁ ካላችሁ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲኖረው ይፈቅዳል። የቀረጹትን አባዝቶ መሸጥ ወይም ቡና ቤት ከፍቶ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን በቀጠሮ ያቆየነውን እናንሳ። መቅረጫው ድራማውን ያስቀምጥላታል እንጂ እናትሽን ከጓዳ አያወጣትም። አስቢው እስቲ። ድራማው ተቀረጸ። እሷ ሥራዋን ጨርሳ ሳሎን ስትገባ ማታ 4 ሰዓት ሆኗል። አባትሽ ሊተኙ ነው፤ ታናናሾችሽ ተኝተዋል፤ ወንድምሽ ሌላ ነገር ከፍቷል። «ነገ ታይዋለሽ እማዬ» ትባላለች። ነገም ጓዳ አለ፤ ከነገ ወዲያም። ወር ሳይሞላ ፍላሹ ባልታየ ድራማ ይሞላል። ያኔ አንድ ቀን አንዱ ተነስቶ «ቦታ ሞላ» ብሎ ለኳስ ሲል ያጠፋዋል። «ቆይ እማዬ» ይሉት የነበረውን ለማሽን ሰጣችሁት ማለት ነው።

እናትሽ ከጓዳ «ምን ሆነች?» ትል የነበረው ወሬው ጓጉቷት ብቻ አይመስለንም። ከእናንተ ጋር መሆንም ፈልጋ ነው። የጠፋባት ድራማው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍላሽ ይመልሰው ነበር። ከእናንተ ጎን የምትቀመጥበት ቦታ ነው የጠፋባት። እሱን ደግሞ አሰላም አዲስ አበባም ሱቅ ውስጥ አታገኚውም።

ስለዚህ ሪሲቨሩ በሚገባበት ቀን ሁሉም ባለበት ሦስት ነገር አስወስኚ። አንደኛ፣ ድራማው ባለበት ቀን እራት በግማሽ ሰዓት ይቀደም፤ ዕቃው ድራማው ካለቀ በኋላ ይታጠብ፤ የሚያጥበውም በተራ ይሁን። በተራ ስንል ወንድምሽም አለበት። ሳህን ማጠብ ኳስ ከማየት አያግድም! ሁለተኛ፣ እንግዳ መጥቶ ወይም ሥራ በዝቶ ያመለጣት ቀን ይቀረጽ፤ መጨረሻውን ማንም አይንገራት፤ ስታየው ቢያንስ አንዳችሁ አብራችኋት ተቀመጡ። ሦስተኛ፣ ሪሞቱን ራሷ ትልመደው። የምትጫነው ሁለት ቁልፍ ነው፤ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊላት። «እኔ ልክፈትልሽ» እያላችሁ አታስለምዷት፤ የሚከፍትላት ሲጠፋ ድራማውም ይጠፋልና።

አባትሽን እንዴት ታነሺባቸው ብለሽ እንደምትጨነቂ ይገባናል። ነገሩን ክስ አታድርጊው። «አባዬ፣ እማዬ ይሄን ድራማ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አይታው አታውቅም። በዚያን ቀን እራቱን ትንሽ ብናስቀድመው ምን ይሉኛል?» በያቸው። «እናንተ ታስጨንቋታላችሁ» ብለሽ ከጀመርሽ ጠብ ነው፤ «እኔም ቆይ ስላት ነበር» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ሁሉም ያስባል። ከተቻለ ሪሲቨሩ ሳይገዛ፣ በሚቀጥለው ድራማ ማታ ይህንኑ ሞክሩት። ምናልባት እናትሽ ቁጭ ብላ ካየች መቅረጫው የሚያስፈልጋት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ለዚያ ደግሞ ትንሹ ይበቃል፤ የተረፈው ብር ለሚቀጥለው እቁብሽ መጣያ ይሁንሽ።

እናንተም ሥራ ይዛችሁ፣ ደመወዝ ተቀብላችሁ ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ ወጣቶች፣ ልባችሁ መልካም ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ዕቃ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። በቤቱ ሪሞቱን የሚይዘው ማን ነው? ስጦታው የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ለእናታችሁ ያላችሁት ለእናታችሁ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ከካርቶኑ ጋር አንድ የምትቀመጥበት ሰዓትም ጨምሩላት።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!